ለፓፓ ያልጠራሁት ቄስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለፓስተራችንም፣ ሚላኖ ላለው ወንድሜም።

ፓፓ የምንለው አባቴ ጣሊያናዊ ነበር። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሊጠግን ድሬዳዋ መጥቶ እናቴን አገባና እዚያው ቀረ። ካቶሊክ ነው። እሁድ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም፤ ማታም እኛን ሰብስቦ መቁጠሪያ ሳያስደርሰን አንተኛም። እኔ ጴንጤ የሆንኩ ጊዜ እናቴ ከቤቴ ትውጣልኝ ብላ ስታብድ፣ «ጸለየች እንጂ ሰረቀች እንዴ?» ብሎ ያስቀረኝ እሱ ነው። ዝናብ ሲሆን በመኪናው ጸሎት ቤት ያደርሰኝና እስክጨርስ ውጭ ይጠብቀኝ ነበር። እንዲህ ያለውን አባት ነው የበደልኩት።

እናቴ ስትሞት ወደ ኦስሎ አመጣሁት። ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር እኔ ቤት ኖረ፤ ሲደክም ሄልስፊር አካባቢ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ። የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ጌታን ተቀብሎ እንዲድን ስንት ጸለዩለት። ያስጸለይኩትም እኔ ነኝ። «ፓፓስ?» ሲሉኝ «ልቡ እየለሰለሰ ነው» እል ነበር። የፓፓ ልብ መቼ ጠንክሮ ያውቅና!

ሊሞት ሰሞን እጄን ይዞ፣ «ልጄ፣ ቄስ ጥሪልኝ፤ ልናዘዝ» አለኝ። ነርሷም አንገቱ ላይ መቁጠሪያውን አይታ የካቶሊክ ቄስ ልጥራ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «ኔይ፣ አያስፈልግም፤ የራሳችን ፓስተር አለን» አልኳት። ለፓፓ ደግሞ «ቄሱ እየመጡ ነው» አልኩት። እኔ ራሴ ነርስ ነኝ፤ ሰው ሊሄድ ሲል አተነፋፈሱን አውቃለሁ። ጊዜ እንደሌለው እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። እኔ ምን ፈርቼ ነው? «ይህን ያህል ጸልየንላት አባቷ ቄስ አስጠራ» እንዳይሉኝ። ይኸው ነው። ለእምነቴ ቀንቼ ነው ብል ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል።

የመጡት ፓስተራችን ነበሩ። ፓፓ ሲያያቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ አረፈ።

እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ «አባቴ ጌታን ተቀብሎ ሄደ» ብዬ መሰከርኩ። ጉባኤው እልል አለ። እኔም አብሬ እልል አልኩ። ወንድሜ ደውሎ «ቄስ አገኘ?» ሲለኝም «አግኝቷል» አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥሽ ብሎኝ አለቀሰ።

አሁን ማዮርስቱን ሰፈር ባለ መጦሪያ ነው የምሠራው። በሽተኛ ሲያጣጥር ቤተሰቡን ቄስ ይፈልጉ እንደሆነ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ስደውል ቄሱ ወዲያው ይመጣሉ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ አሳቢ ነሽ ይሉኛል።

እግዚአብሔር መሐሪ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። አባቴ የለመነኝን አንድ ነገር ከልክዬው፣ እኔ በምን አፌ ማንን እለምናለሁ? ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ብቻ እወቁልኝ፤ አባቴ ካቶሊክ እንደሆነ ነው የሞተው።