የድመቷ ደምና የእኔ ደም

ድመቷ የአባባ ናት። የእኔ ብትሆን ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እናቴ ባረፈች በዓመቱ፣ በጀጎል ግንብ ፈላና በር አጠገብ ካለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ድመቷ አንድ ጠዋት ወርዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አባባ "ማን ፈቀደልሽ?" አሏት። አልሄደችም፤ በዚያው ቀረች። አባባ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዙ ኖረው በመጨረሻ የሚያዙት አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ለመታዘዝ አልተፈጠርኩም። ድመቷ ስትመጣ ሁለታችንም ተገላገልን።

"ተነሺ!" ሲሏት ትተኛለች። "ውጪ!" ሲሏት ትገባለች። "እንዲህ ያለ ሥርዓት የጎደለው ወታደር አይቼ አላውቅም" ይሉና ከራሳቸው ቆርሰው ይሰጧታል። ለእሷ የሚሆን ቁርጥራጭ ከጊደር መጋላ ገበያ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤቶች፣ ከሰው እጅ ሥጋ ከሚነጥቁት ጭላቶች ጋር እየታገሉ ያመጡላታል፤ ለራሳቸው ደግሞ ከግንቡ ውጪ ከክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይገዛሉ። ድመቷ በሃይማኖት አትከራከርም። ፍስክ በሆነ ጊዜ ሁለቱም ፊት ለፊት ተቀምጠው የየራሳቸውን በጥሬው ይበላሉ። እኔም ከአባባ ቢላ ጫፍ ላይ እየተቀበልኩ ነው ያደግኩት፤ ያልበሰለ ሥጋ በእኛ ቤት ምግብ ሳይሆን ክብር ነው።

ባለፈው ዓመት አረገዝኩ። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ በሦስተኛ ወሩ ጨንግፎብኛል። ስለዚያ ብዙ አላወራም። ማንም ምክንያቱን ሊነግረኝ አልቻለም፤ ያ ነው ያሳበደኝ። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን ነገር ሁሉ ቀድሜ ለመያዝ ቆረጥኩ። ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማዬን ለሰው ሰጠሁ። የባጃጅ ሹፌሮችን "ቀስ በል" እያልኩ አሰለቸኋቸው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው መምህሩ ባለቤቴ፣ እግዜር ይስጠው፣ ቀዝቃዛ ሰው ነው፤ ያልኩትን ሁሉ "እሺ" እያለ አሳለፈው።

በመጀመሪያው ክትትል ነርሷ ቅጹን እየሞላች "ቤት ውስጥ ድመት አለ?" አለችኝ።

"አለች።"

"ዓይነ ምድሯን አንቺ አትጥረጊ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ነገር አለ፤ ለጽንስ ጥሩ አይደለም። ደምሽንም አስመርምሪ" አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ጤነኛ ሰው ቢሆን የራሱን ደም ያስመረምር ነበር። እኔ የድመቷን ለማስመርመር ወሰንኩ።

ድመት መያዣ የሚባል ነገር ቤታችን ስለሌለ በእናቴ አገልግል ይዘናት ሄድን። አባባ ክዳኑን በእጃቸው ገርበብ አድርገው ይዘው፣ እኔ ከጎናቸው፣ በባጃጅ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና "ምን ጥሩ ነገር ይዛችኋል? ድግስ አለ እንዴ?" አለ። አገልግሉ ራሱ ጮኾ መለሰለት።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ሁለት በሬዎች፣ አንዲት አህያና አንድ በጣም የተቆጣ ግመል ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ገበሬ ወደ አገልግሉ ጎንበስ ብሎ አየና "አዱሬ?" አለ በኦሮምኛ፣ ድመት ነች እንዴ ማለቱ ነው። ከዚያ ለጓደኛው፣ ለጓደኛው ጓደኛ፣ በመጨረሻም ለግመሉ ጌታ ነገረ። ግቢው በሙሉ ሳቀብን። አባባ በመጀመሪያ ኮስተር አሉ፤ ኋላ ግን እሳቸውም ሳቃቸው መጣ፤ ድመቷን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ግመል ሲወጋ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ከእኛ ድመት ደም ለመቅዳት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ በሁለተኛው ነከሰችው። "ደሟን ወደ ትልቅ ላብራቶሪ እልካለሁ" አለ አውራ ጣቱን እያሰረ። ውጤቱ ሲመጣ አባባና እኔ ተመልሰን ሄድን።

"በሽታውን የሚዋጋ ነገር በደሟ ውስጥ ተገኝቷል" አለ።

"አለባት ማለት ነው!"

"ይዟት ያውቃል ማለት ነው፣ እህቴ። ድመት በዓይነ ምድሯ የምታወጣው መጀመሪያ ሲይዛት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ ሰውነቷ ይገታዋል። የእናንተዋ ያንን ጊዜ ምናልባት ካለፈች ቆይታለች።"

"ምናልባት?" አልኩ። "ምናልባትን ይዤ ልውለድ?"

የታሰረ አውራ ጣቱን አሻሸ። "መድኃኒት የለውም?" አልኩት።

"አለው። ዓይኗ ሲታመም፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ምግብ ስትተው እንሰጣታለን። ይቺ ግን ጤነኛ ናት፤ ጣቴን እዪው። ጤነኛ ድመትን በቀን ሁለቴ እያስገደድን ለሳምንታት ክኒን ብናስውጣት፣ የምናክመው እሷን ሳይሆን የእናንተን ጭንቀት ነው።"

አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። "ክኒኑን ይስጡን ዶክተር" አሉ። "እኔ አስውጣታለሁ። ወርም ይሁን፣ ዓመትም ይሁን።"

"አባቴ፣ አያስፈልጋትም" አለ ሐኪሙ በጣም ለስለስ ብሎ። "ቆሻሻዋን በየቀኑ እርስዎ ያውጡ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ጥሬ ሥጋ አይስጧት። ቤት ሄዳችሁ ተማከሩ፤ እንታከም ካላችሁ ተመለሱ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺስ ተመርምረሻል?" አለኝ።

"የታመመችው ድመቷ ናት" ብዬ ወጣሁ። ሰውየው ካስረዳኝ ሁሉ ይዤ የተመለስኩት "ምናልባት" የምትለዋን ብቻ ነበር።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ሰምቶ "ሐኪሙ አያስፈልግም ካለ አያስፈልግም" አለ። "አንተ አይደለህ የምታረግዘው" አልኩት። አባባ አሁንም ክኒኑን ይዤላት ልምጣ ይላሉ። እኔ ደግሞ ብትታከምስ መዳኗን በምን አውቃለሁ እላለሁ። ብትታከምም ጥፋት፣ ባትታከምም ጥፋት አደረግኳት። በመጨረሻ "እኔ ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አልወልድም" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አባባ ድመቷን አዩዋት፣ ሆዴን አዩት፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። በማግስቱ አገልግሉም ድመቷም የሉም። "ለእናትሽ ወዳጅ ሰጠኋት" አሉኝ። እናቴ ከአንዲት የጀጎል ሐረሪ ጋር ስፌት እየሰፉ ነበር ያረጁት፤ የወዳጇ ቤት ከጊደር መጋላ ወረድ ብሎ ነው፣ ግቢው ረጅም አጥር አለው።

አሸነፍኩ። ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ በበረኪና አጠብኩት። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ፤ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገባን፤ ያ ጾም የከረመ ቤት ሥጋ በሥጋ ሆነ። እኔም አምሮት ያዘኝ። አባባ ከሻኛው መርጠው፣ በቢላቸው ቆርጠው፣ አዋዜ አስነክተው "ይህቺ ለልጅ ልጄ ናት" እያሉ አጎረሱኝ። ድመት በሌለበት፣ በበረኪና በሚሸት ንጹሕ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ጥሬ ሥጋ እየበላሁ፣ እንዴት ያለች ጠንቃቃ እናት እንደሆንኩ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ራሴን አደነቅኩ።

ከበዓሉ በኋላ ወደ ክትትሌ ሄድኩ። ሐኪሟ ካርዴን ገልጣ "የቶክሶፕላዝማ ምርመራሽ የታለ?" አለች።

"የድመቷ ነው ወይስ የእኔ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ታሪኩን ስነግራት ለመሳቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከዚያ "ጥሬ ሥጋስ ትበያለሽ?" አለችኝ።

"እንዴታ! ትናንትና እንኳ..." ብዬ ጀመርኩና የእስክሪብቶዋን መቆም አየሁ።

ብዙ ጊዜ ሰው ላይ የሚመጣው በሚገባ ካልበሰለ ሥጋና ካልታጠበ አትክልት መሆኑን፣ ድመቲቱም ራሷ የያዛት ምናልባት ከዚያው ጥሬ ሥጋ መሆኑን ነገረችኝ። በእርግዝና ላይ አዲስ ከያዘ ለጽንሱ እንደሚያሰጋም ነገረችኝ። ደሜን ሰጥቼ ወጣሁ። የእንስሳቱ ሐኪም ለድመቷ ጥሬ ሥጋ አትስጧት ሲል አባባም እኔም ሰምተናል። ለሰዎቹስ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድ አልተገኘም።

ቤት ገብቼ ማድረግ የሌለብኝን አደረግኩ። አባባ በር ላይ "እንዴት ነው?" ብለው ተቀበሉኝ። "ያጎረሱኝ እርስዎ ነዎት!" አልኳቸው። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባባ ቆመው ሰሙኝ። ገብተው ያን የሚወዱትን ቢላ ከመደርደሪያው አወረዱና በጨርቅ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስገቡት። "እንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣ የቀረሁት እኔ ነኝ" አሉ፣ ቀልድ ሊያስመስሉት እየሞከሩ። ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም፤ ባለቤቴ እጄን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ለአባባ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ደፋር ምላስ እንጂ ደፋር ልብ የለኝም።

የውጤቱ ቀን ብቻዬን ነበር የሄድኩት። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች።

"ይዞሽ ያውቃል" አለች። "ግን የቆየ ነው። ልጅ ሳለሽ ይሆናል፣ ሳታውቂው ይዞሽ ሳታውቂው አልፏል። አሁን ደምሽ ይዋጋዋል። ለጽንሱ አያሰጋም፤ መድኃኒትም አያስፈልግሽም። ጥሬ ሥጋውን ግን ለሌላ ለሌላውም በሽታ ስትይ ተዪው።"

በሳቅ ፈነዳሁ። ሳቁ እንባ ቀላቅሎ መጣ፣ ሊቆምልኝም አልቻለም። "ምን ተገኘ?" አለችኝ ደንግጣ።

"ይህን ነገር ከዚህ በፊት ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ" አልኳት። "ስለ ድመቷ!"

እኔና ድመቷ እኩል ነበርን። በዚህ ምክንያት ከቤት የሚወጣ ካለ እኔም አገልግል ውስጥ መግባት ነበረብኝ። ደስታዬ መጠን አልነበረውም፤ ልጄ ደህና ነው፣ ልጄ ደህና ነው እያልኩ የጀጎልን ጠባብ ቁልቁለት ሆዴን ደግፌ ወረድኩት። መንገድ ላይ ያገኘኝን ሁሉ ሰላም አልኩ፤ አንድ የማላውቀውን ልብስ ሰፊ ሳይቀር። ወደ ቤት አልሄድኩም። በቀጥታ ወደ እናቴ ወዳጅ ቤት ነበር የሄድኩት።

ወዳጇን፣ እማማ የምላቸውን፣ በራቸው ላይ ስንደዶ እየሰነጠቁ አገኘኋቸው። "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አሉ ሆዴን አይተው። "ምነው ፊትሽ እንዲህ በራ?"

"ደህና ነን እማማ! ልጁም እኔም። ድመቷን ልወስዳት መጣሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉና ወዲያው ስንደዷቸውን አስቀምጠው ኮስተር አሉ። "ድመቷን ግን አልሰጥሽም።"

"ለምን?"

"አማና ናት፣ አደራ። 'ልጄ እስክትወልድ አማና' ብለው የሰጡኝ አባትሽ ናቸው። አማና ደግሞ ለሰጠው ሰው ነው የሚመለሰው። ወላሂ፣ የፈለገ ብትለምኚኝ ለሌላ ሰው አልሰጥም።"

"እሺ፣ ሄጄ ልጥራቸው።"

"የት ሄደሽ ነው የምትጠሪያቸው?" አሉ እማማ፣ በአገጫቸው ወደ ውስጥ እያመለከቱ። "ድመቷን ካመጧት ቀን ጀምሮ አንድ ጠዋት ቀርተው አያውቁም። ሥጋዋን ራሳቸው ይቀቅላሉ፤ ድስቴን አሳረሩብኝ። ወደ አንቺ ከመመለሳቸው በፊት ደግሞ እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ሳሙናዬን ጨረሱት አቦ!"

ለእኔ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ላስደርስ ሄድኩ ነው የሚሉኝ። እኔም አምኜ "ጸልዩልኝ" እላቸው ነበር።

ገባሁ። አባባ በቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ ድመቷ ጭናቸው ላይ ናት። ሲያዩኝ እንደ ተያዘ ተማሪ ብድግ አሉ፤ ድመቷ ዘላ ወረደች። ስለ እሷ አልጠየቁኝም፣ ምን ልታደርጊ መጣሽም አላሉኝም።

"ልጁ?" አሉ።

"ደህና ነው አባባ። በጣም ደህና ነው። ከእርስዎ ጉርሻም፣ ከድመቷም አይደለም፣ ድሮ የያዘኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።" ይህን እያልኩ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

አባባ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሁለት እጆቻቸውን ከእኔ አርቀው ወደ ላይ አነሡ። ዓይኖቻቸው ሞልተዋል።

"ቆይ፣ አትጠጊኝ ልጄ" አሉ። "እጄን አልታጠብኩም።"

ያን ያልታጠበ እጃቸውን ያዝኩና ሆዴ ላይ አደረግኩት።