ከነጠፍሩ የተሸጠው ሞተር

የወጣሁበት ሌሊት ውርጭ ነበር፤ ያ ማሳውን በሙሉ ነጭ የሚያደርገው የእኛ አገር ውርጭ። ጎህ ሳይቀድ አባባ ሞተራቸውን ከቤት አወጡት። በጎቹ ጋጣ ሲያድሩ ሞተሩ የሚያድረው ከእኛው ጋር ነበር። ሻንጣዬን ከኋላ ጭነው በበሬ ቆዳ ጠፍር ጥፍር አድርገው አሰሩት፤ እኔን በበግ ፀጉር ባና ጠቀለሉኝና «ወገቤን ያዢ፤ አፍሽን አትክፈቺ፣ ብርድ ይገባል» አሉኝ። ከመንደራችን በዘመሮ አድርገን መሐል ሜዳ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያኔ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከመሐል ሜዳ አልፎ ወደ እኛ አይመጣም ነበር።

ሸኚ አልነበረኝም። አባባ ቪዛ ማግኘቴን ለማንም አልተናገሩም፤ ለጎረቤታችን ለአያ ደምሴ እንኳ «ደብረ ብርሃን ለምርመራ ትሄዳለች» ነው ያሏቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለሳቸው የወጣ ይመስለኛል፤ እኔንም ያሳደጉኝ በሱ ነው። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ አንዲት መንገደኛ በስልኬ ፎቶ አነሳችን። ከዚያ አባባ ጠፍሩን ፈቱት፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱትና «ስትመለሺ እዚችው ቦታ፣ በዚሁ ሞተር ነው የምቀበልሽ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ» አሉ። ከዚያ ዞረው ሄዱ። የሞተሩ ድምፅ ጉም ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩ። አልቅሻለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ።

የሞተሩን ነገር ልንገራችሁ። አባባ በወጣትነታቸው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲሄድ የሞተ ሞተሩን ከነወረቀቱ ሰጣቸው። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ግራና ቀኙ ሳጥን ያለው፣ ለሩቅ መንገድ የተሠራ ሞተር ነው። ለብዙ ዓመት ጭድ ሥር ተኛ። እናቴ ስታርፍ ነው አባባ ከጭዱ ያወጡት። ሌላው ሰው ሲያዝን ገዳም ይገባል፤ እሳቸው መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ገቡ። ዕቃውን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ ያልተገኘውን እያስቀጠቀጡ፣ እኔ ከፍ እስክል ድረስ ሠሩት። ወንበሩን የዘመሮ ኮርቻ ሰፊ ሰፋላቸው፤ እጁ ለምዶበት ጠርዙን እንደ በቅሎ ኮርቻ በቀይ ክር ዘመዘመው። ሞተሩ የተነሳ ቀን የመንደሩ በግ ሁሉ ደንብሮ ገደል ሊገባ ምንም አልቀረው።

ሌላም አስቀድሜ ልናገር። ለአገሬ ሰው አዲስ አይደለም፤ እዚህ ጀርመን ለተወለዱት ልጆቻችሁ ግን ይጠቅማል። በእኛ ዘንድ ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ገዢው የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ሻጩ የራሱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገመዱ ቤት ከቀረ በረከቱም ቤት ይቀራል፤ በቦታው ሌላ ይታሰርበታል። አንድ ጊዜ ዘመሮ ገበያ አባባ በግ ሸጠው ገዢው ገመዱን ይዞባቸው ሄደ። ገበያተኛውን እየገፈተሩ ሮጠው ወንዙ ላይ ደረሱበትና አስፈትተው ተመለሱ። ከብቱን ከነገመዱ የሚሰጥ ጋጣውን የዘጋ ሰው ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሊመነኩሱ ሲሉ ላማቸውን ከነገመዷ በሰጡ ጊዜ የመንደሩ ሴት ሁሉ ለቅሶ ተቀምጧል።

ወደ ጉዞዬ ልመለስ። ያረፍኩበት አየር ማረፊያ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የበሶውን ከረጢት አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በሶ።»

«በሶ ምንድን ነው?»

«ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ።»

«ለምን ያገለግላል?»

በሶ ለምን ያገለግላል ተብሎ ይጠየቃል? ከውሃዬ ጠብ አድርጌ እዚያው ፊቱ ጨበጥኩና ጎረስኩ። እሱም በጓንቱ ጫፍ ቆንጥሮ ቀመሰ። ብዙ ካኘከ በኋላ «አደገኛ አይደለም» አለ፤ «ግን ያሳዝናል።» ጀርመን የተቀበለችኝ በዚህ ቃል ነው።

የመጣሁት አውስቢልዱንግ በሚሉት ነው፤ ሥራም ትምህርትም ነው። የምሠራው አልተንሃይም ውስጥ፣ ማለት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የሰው አባት እያጠብኩ፣ የሰው አባት እያጎረስኩ፣ የራሴን በስልክ ብቻ እጠይቃለሁ። ይህን ሳስብ ማንኪያው ከእጄ የሚወድቅበት ቀን አለ።

ቤት ያከራየኝ ሄር ቤክ፣ በእኛ አቶ ቤክ፣ የሚባል ጡረተኛ ነው። ምድር ቤቱን ለሞተር ብስክሌቶቹ፣ ጣራ ሥር ያለችውን ክፍል ለእኔ ሰጠ። ለሞተሮቹ ማሞቂያ አለ፤ የእኔን ግን በየጊዜው እየመጣ ይቀንሰዋል። ደግሞ ሉፍተን የሚሉት ነገር አላቸው፤ በብርድ መስኮት መክፈት ነው።

«ዛሬ ሉፍተን አድርገሻል?»

«ከፍቻለሁ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«እስኪበርደኝ።»

«እስኪበርደኝ የሚባል ደቂቃ የለም።»

እኛ መንዝ ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳ ስንደፍን እንኖራለን፤ እሱ ብርድ ካልገባ ግድግዳዬ ይሻግታል ይላል። የሽንኩርት ልጣጭ ከወረቀት ጋር የጣልኩ ቀን ደግሞ ቆሻሻዬን ለይቶ፣ በሁለት ከረጢት አድርጎ፣ መልሶ ደጄ ላይ አስቀመጠው። አባባ ይህን ስነግራቸው ተጨነቁ። «የጣልሽውን የሚፈትሽ ሰው የደበቅሽውን አያልፍም፤ ሻንጣሽን ቆልፊ» አሉኝ።

አንድ ቀን ማሞቂያውን ሊያይ ገብቶ ግድግዳዬ ላይ ያለችውን የመሐል ሜዳዋን ፎቶ አየ። እኔ፣ አባባ፣ ሞተሩ፣ ሻንጣው በጠፍር እንደታሰረ። መነጽሩን አውጥቶ ተጠጋ።

«የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«አባትሽ ምንድን ናቸው?»

«ገበሬ።»

«ገበሬ ይሄንን ከየት አመጣ?»

በማግስቱ ኬክ ይዞ መጣ። ማሞቂያውንም ራሱ ከፍ አደረገልኝ። ያን ሌሊት ላብ አጠመቀኝ፤ ሙቀቱም ነው፣ ፍርሃቱም ነው። ለአባባ ስነግራቸው «ኬክ ከሰጠሽ ቤቱን ሊያስለቅቅሽ ነው» አሉ።

ነገሩ ሌላ ሆነ። ሄር ቤክ በጎረምሳነቱ እንዲህ ዓይነት ሞተር ነበረው፤ ሲያገባ ሸጠው፤ ሚስቱ ትታው ከሄደች ጀምሮ መሰሉን ሲፈልግ ኖሯል። ልግዛው አለ። ዋጋውን አልጽፍም። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ይህን እያነበበ በጥቁር ገበያ የሚመነዝር አይጠፋም።

እንዲሸጥ አልፈለግሁም። እንቢ ብዬ ደግሞ ከቤቱ ልወጣ ነው። ስለዚህ የመንዝ ብልሃት አሰብኩ፤ «የአባቴ ነው፣ እሳቸውን ልጠይቅ» አልኩት። አባባ እንቢ ይላሉ፣ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ።

መጀመሪያ ሄር ቤክ የሞተሩን የሻንሲ ቁጥር በፎቶ ጠየቀ።

«ቁጥሩን ምን ያደርግለታል?» አሉ አባባ።

«ሞተሩ እውነተኛ መሆኑን ሊያይበት ነው።»

«የሱን እውነተኛነት እኔ በምን ልየው? የሱም ቁጥር ይላክልኝ።»

ሄር ቤክን መታወቂያህን ፎቶ ላንሳ አልኩት። «ለምን ፈለገው? በስሜ ሊበደርበት ነው?» አለ። ቁጥሩን በጣቱ ሸፍኖ ፊቱን ብቻ አሳየኝ። አባባ ምስሉን በሰው ስልክ አዩና «ፊቱ ደህና ነው፤ ጆሮው ግን አላማረኝም» አሉ።

አያ ደምሴ ደግሞ ወሬው ደረሳቸው። «ፈረንጅ ለብረት ይህን ያህል አያወጣም፤ ሆዱ ውስጥ ሚሊዮን የሚያወጣ ቀይ ሜርኩሪ አለ» ብለው አባባን ወጥረው ያዙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ዘግተው ታንኩን አወረዱ፣ ሳጥኖቹን በረበሩ። ያገኙት አባባ ራሳቸው የቀዱትን ቤንዚን ነው። አያ ደምሴ ግን አሁንም አላመኑም፤ «ፈረንጁ የሚፈልግበትን ያውቃል» ይላሉ። ለሄር ቤክ የተላኩትን ፎቶዎች ያነሳው ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ የሰፈር ልጅ ነው። በሁሉም ላይ መሪውን ይዘው የቆሙት አያ ደምሴ ናቸው፤ አባባ ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አየሁት፤ ግን አላስተዋልኩትም።

አባባ ለአንዲት ጠቦት ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ተቆጥተው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። የሄር ቤክን ዋጋ፣ ያውም የመጀመሪያ ቃሉን፣ በስልክ ነገርኳቸውና እንቢታቸውን ጠበቅሁ።

«ይሁን» አሉ። «ስጪው።»

«አባባ፣ ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ። ስጪው።»

ኔትወርኩ ነው ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። ያው መልስ ነው።  ከዚያ እንዳሳደጉኝ አደረግሁ፤ ጠረጠርኩ። ግን ማንን? ሄር ቤክን። ውሉን ለሥራ ባልደረባዬ አስነበብኩ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ካልገባ ሞተሩ ከቤት አይወጣም አልኩ፣ የሰጠኝን ኬክ እንኳ አንድ ቀን አሳድሬ ነው የበላሁት። ጥርጣሬዬን ሁሉ እሱ ላይ ጨረስኩት። ለአባባ የተረፈኝ አልነበረም።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሞተሩ በጭነት መኪና ወረደ፤ ከዚያ በጅቡቲ በኩል በመርከብ። ደርሶ ሳጥኑ ሲከፈት ሄር ቤክ ጠራኝ። ተንበርክኮ አየው፣ ዘይቱን አሸተተው፣ ቀይ ክሩን ዳሰሰው።

«ይሄ በጣም ጥሩ ነው» አለ፤ አነጋገሩ ክስ ነው የሚመስለው። «ጉድለቱ የት ጋ ነው?»

«ጉድለት ቢኖረው አባቴ ይነግሩህ ነበር።»

አላመነኝም። የጎኑን ሳጥን ከፍቶ እጁን ሰደደና አንድ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጠፍሩ ነበር፤ ቅባት ተቀብቶ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ።

«በፎቶው ላይ ያለው!» አለ ሄር ቤክ። «ይሄን እንኳ አላስቀሩም። አባትሽ ሐቀኛ ሰው ናቸው።» ከተዋወቅን ወዲህ ሳይጠራጠር ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

 ለአንዲት በግ ገመድ ወንዝ ድረስ የሮጡ ሰው ጠፍሩን ጨምረው ሰጥተዋል። ሄር ቤክ ሞተሩን ረግጦ ሲያስነሳው ያ የመሐል ሜዳው ድምፅ ምድር ቤቱን ሞላው፤ እኔ ግን ጠፍሩን ብቻ ነበር የማየው።

«ይሄን ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ገመድ የሻጭ ነው።»

«ውሉ ላይ የለም» አለና ጠፍሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው፤ የተሰፋበት ነገር ይኖር እንደሆነ። አያ ደምሴ ትዝ አሉኝ። በመጨረሻ «ቆዳ ብቻ ነው» ብሎ ሰጠኝ።

ወደ ክፍሌ ወጥቼ መስኮቱን ከፈትኩና ደወልኩ።

«አባባ፣ ደርሷል።»

«ተነሳ?»

«ተነሳ፤ በአንድ ርግጫ።»

«ራሱ ነው የረገጠው?»

«ራሱ።»

«ጉልበት አለው ማለት ነው» አሉ።

«ጠፍሩን ለምን ላኩት?»

የነፋሱ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «ምን ላስርበት ብዬ ነው» አሉ።

«በጎቹስ?»

«አያ ደምሴ ወስዷቸዋል። ሣሩ እሱ ጋ ይሻላል።»

የሁለቱም በግ የሚግጠው አንድ መስክ ላይ ነው። «አባባ፣ አሞዎታል?»

«ኧረ ብርድ ነው።»

በእኛ አገር ሁሉም ነገር ብርድ ነው። እናቴንም የወሰዳት ብርድ ነው ተብሏል።

«ጠፍሩን ከሰውዬው ተቀብዬዋለሁ» አልኳቸው። «እኔ ጋ ነው፤ ይዤው እመጣለሁ። ግን ስመጣ በምን ሊቀበሉኝ ነው?»

 ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አውቶቡሱ አሁን ዘመሮ ድረስ ይገባል» አሉ። «ከዚያ ወዲህ በእግር ነው። መንገዱን አልረሳሽውም አይደል?»