ሰው መሣል በሚዛን መናኸሪያ

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ልብን ከነክፍሎቹ፣ አበባን ከነብናኙ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል እጄ አይስትም። ሰው መሣል ግን አልችልም ነበር፤ አለመቻሌንም ያወቅሁት ተማሪዎቼ ፊት ነው። ስለ ጡንቻ የማስተምርበት ቀን ነበር። ጀሪካን ያዘለች ሴት ሣልኩና የትኛው የጀርባ ጡንቻ እንደሚሠራ በቀስት ማሳየት ጀመርኩ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሴትዮዋን አሟታል እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወደ ሰሌዳው ዞር ብዬ ሳያት እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እግሮቿ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብለዋል። ጀሪካኑም ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ እንጂ አልከበዳትም። የሰውን አጥንትና ጡንቻ በስም እየጠራሁ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አንድ ሰው እንዴት እንደሚቆም ግን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሚዛን ከተማ መናኸሪያ ወረድ ብሎ የአንድ ማስታወቂያ ሠዓሊ ሱቅ ነበረ። ከጅማ በኩል በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው። የከተማው ፀጉር ቤቶች፣ ጭማቂ ቤቶችና ጋራዦች ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው። የባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቢቀዘቅዝም ሱቁን አልዘጋም። በዚያው ሳምንት በደጁ ሳልፍ የካርቶን ክዳን ላይ የሣለውን አየሁ። ፍየል የሚጎትት ሰው ነው። ሰባት ወይም ስምንት መስመር ቢሆን ነው። ሰውየው ፊት የለውም፤ ፍየሏም ዓይን የላትም። ግን ሰውየው መቸኮሉ፣ ፍየሏም እምቢ ማለቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ይህን ለመሣል ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?»

«ሰዓት? ፍየሏ መች ትቆምልኛለች!» ብሎ ሳቀ።

እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። በቀን ምን ያህል ጊዜ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ግማሽ ሰዓት አልኩት።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ነገ መናኸሪያ ነይ። እርሳስና ወረቀት ያዢ። ወረቀቱ ጥሩ እንዳይሆን፤ ጥሩ ወረቀት ያስፈራል።»

ያረምኳቸውን የድሮ የፈተና ወረቀቶች ይዤ ሄድኩ፤ ጀርባቸው ባዶ ነው። ከሻይ ቤቱ ጎን ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የቴፒና የማሻ መኪኖች የሚጭኑበት ሰዓት ነው። ጫኝና አውራጆች ጆንያና የሙዝ ዘለላ ወደ ጣራ ያወጣሉ። ተሳፋሪ ይሯሯጣል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ።

«እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ» አለኝ፤ «ሠላሳ ስል እጅሽን አንሺ። ያላለቀው አላለቀም፤ ወደ ሌላ ሰው እንሄዳለን። ላጲስሽን ደግሞ ለእኔ ስጪኝ።»

ላጲሴን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። መቁጠር ጀመረ። እኔ ከአንድ ጫኝ ራስ ጀመርኩ፤ ሠላሳ ሲል ገና ጆሮው ላይ ነበርኩ። ሰውየው ጆንያውን አውጥቶ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።

«ጆሮው የት ይሄድብሻል?» አለኝ። «መጀመሪያ ከራሱ እስከ ተረከዙ አንድ መስመር። ወዴት እንደሚያዘነብል በዚያ መስመር ይታወቅ። ቀጥሎ ክብደቱን ፈልጊ፤ የትኛው እግሩ ላይ ነው? ዓይንና አፍንጫ፣ ቆብና ቁልፍ በኋላ ይመጣሉ። ባይመጡም አይጎዳም።»

በቀን ሃያ ሥዕል፣ በሳምንት መቶ። ዓርብ ማታ መቶውን ሱቁ ወስጄ አስረክበዋለሁ። እንደ ካርታ ተጫዋች አንድ በአንድ እያየ ይጥላቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መቶውንም ጣለ። በሁለተኛውም ጣለ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ከአግዳሚው አስነሣኝና አንዱን ጫኝ ጠራው። ግማሽ ጆንያ በቆሎ ትከሻዬ ላይ እንዲያደርግልኝ ነገረው።

«ጋሼ ሰው እያየ!»

«ቢያዩ ይዩ። ዘመዶችሽ አይደሉም።»

ጫኙ እየሳቀ አስቀመጠልኝ። ወገቤ ራሱ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ጉልበቴ ታጠፈ፣ አንገቴ ከጆንያው ሸሸ። አምስት እርምጃ አስኬደኝ። ካወረድኩት በኋላ «አሁን ሣዪ» አለኝ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ሣልኩ። መስመሩ ወገቡ ጋ ሲደርስ እጄ ብቻውን ዞረ፤ የት እንደሚዞር ሰውነቴ ያውቀዋል። ሠላሳ ሳይቆጠር ጨረስኩ። ወረቀቱን ወስዶ ብዙ አየው።

«ይህቺን አንጣላት» አለ።

የዚያን ቀን ክፍል የገባሁት ሸሚዜ የበቆሎ ገለባ ይዞ ነው። ለማንም ባልናገርም ቀኑን ሙሉ ደስ እያለኝ ዋልኩ።

እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። ቁጥሩ ከሠላሳ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ዐሥር ወረደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሄድም ጨመርን። ከገጠር ጎደሬና ኮረሪማ ተሸክመው የሚመጡትን ሴቶች ሣልኩ። አንዷ በግንባሯ ማንገቻ፣ ሌላዋ በትከሻዋ ትሸከማለች፤ የአንዷ አንገት የሌላዋን አይመስልም። ከዚያ በፊት ሰው ለእኔ ሕዝብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው የሚደነቅ ሆነብኝ። ሽማግሌ ከመቀመጫው ሲነሣ አስቀድሞ እጁን ጉልበቱ ላይ ይተክላል። እናት ልጅ አዝላ ስታጎነብስ አንድ እጇ ሳታስበው ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በየቀኑ አጠገቡ ሳልፍ ስንት ዓመት ሳላየው ኖሬያለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ሠዓሊው ወደቀ። የአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ እየሣለ ነበር። ዝናብ ያራሰው መሬት ከድቶት መሰላሉ ተንሸራተተና በቀኝ ክንዱ አረፈ። አጥንቱ በጊዜው ገጠመ። ነርቩ ግን ተጎድቶ ስለነበር ጣቶቹ እርሳስ የሚይዙ አልሆኑም። ሱቁ ተዘጋ። ከጎናችን አማን ከተማ ያለው ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ባለቤቱ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ሰው አላይም ብሏል፣ ልጄ። አትቀየሚው።»

«አልቀየምም፣ እትዬ። ይህን ብቻ ይስጡልኝ» ብዬ የሳምንቱን መቶ ወረቀት ሰጠኋቸው።

ብቻዬን ቀጠልኩ። እየቆጠርኩ መሣል አልሆን ሲለኝ ሻይ ቤት ያለችውን ልጅ «ዐሥር ስትደርሺ ጥሪኝ» እላታለሁ። ዓርብ ዓርብ መቶውን ለባለቤቱ አደርሳለሁ። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት በር ላይ ሆነው በሹክሹክታ፣ «ትናንት መሬት ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ዋለ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

በተከታዩ ሰኞ መናኸሪያ ስደርስ ሠዓሊው ከእኔ ቀድሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። እርሳሱን በግራ ይዟል፤ አያያዙ ፊደል እንደሚጀምር ሕፃን ነው። ላቅፈው ፈልጌ ፈራሁ።

«ዛሬ አንቺ ነሽ የምትቆጥሪው» አለኝ። «ከሠላሳ ጀምሪልኝ፤ ዐሥር አልደርስም።»

ቆጠርኩለት። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰበረ፣ ከወረቀቱ ወጣ። ከተማው ሙሉ እጁን የሚያውቅለት ሰው፣ ከተማው ሙሉ በሚያልፍበት ቦታ ተቀምጦ እንዲያ ይሥላል። ድሮ በቆሎውን ያሸከመኝ ጫኝ መጥቶ በትከሻው በኩል አየና ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«እየተማርኩ ነው» አለው፣ ቀና ሳይል። «ዞር በል፤ ብርሃን ጋረድክብኝ።»

ሃያውን ሣለ። በማግስቱም ሃያ ሣለ። አንድ ቀን አልቀረም። ዓርብ ሲሆን የእሱን መቶ ለእኔ ሰጠኝና «ምረጪ» አለኝ። ልዋሸው ዳድቶኝ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ተውኩት። አንድም አልመረጥኩም። ራሱን ነቀነቀና ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሄደ። በስልሳዎቹ ያለ ሰው ያውቀው የነበረውን ነገር እንደገና ከመጀመሪያ ሲጀምር ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለመናገር ቃል ያጥረኛል። እኔ ሳልችል ብጀምር ምን ይደንቃል? እሱ የጀመረው ችሎ ካጣው በኋላ ነው።

የቡና ለቀማ ሲደርስ አንድ ቅዳሜ አብረን ቴፒ ሄድን። የባለቤቱ እህት ቡና ማድረቂያ ላይ ትሠራለች፤ አለቃዋን አስፈቅዳልን ገባን። ሴቶቹ ቡናው በተሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች ግራና ቀኝ ቆመው እርጥቡን ቡና ያገላብጣሉ፣ የተበላሸውን ይለቅማሉ። ሁሉም አጎንብሰዋል፤ ጎንበስ ያሉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። አንዷ ከወገቧ ትታጠፋለች፣ አንዷ ሆዷን አልጋው ጠርዝ ላይ ታሳርፋለች፣ አንዷ ጉልበቷን አጥፋ ጀርባዋን ቀጥ ታደርጋለች። መቁጠሩን ረስቼው እየሣልኩ ሳለሁ አንዲት ጠና ያለች ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከሠዓሊው ኋላ መጥታ ቆመች። ወረቀቱን አየችው።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አላት። «ፊት የለውም እኮ።»

«ወገቤ ነዋ! እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ» ብላ በጣቷ ሥዕሉን ነካች። «በዚህኛው እግሬ የምቆመው ለሱ ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ሰጣት። አጥፋ ሻሿ ውስጥ ከታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ የእሱን መስመር እያየሁ ነበር። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ቀርፋፋ ነው። ግን የቀኝ እጁ መስመር ያልነበረው ጥንቃቄ አለው፤ እያንዳንዷን ቦታ ጠይቆ የሚያልፍ ይመስላል። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሙዙ ተክል አዞረ።

«ቀኙ ብዙ ያውቅ ነበር» አለኝ። «ከማወቁ የተነሣ ማየት ትቶ ነበር። ጆንያ ያለው ሰው ሲያይ ትናንት የሣለውን ጆንያ ነው የሚደግመው። ግራው ምንም አያውቅም፤ ስለዚህ ያያል።»

በሚቀጥለው ዓመት ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የእናቶች መጠበቂያ ክፍሉን ግድግዳ እንዲሥልለት ለመነው። እኔን ሳይጠይቀኝ «እንሥላለን» ብሎ መጣ። ቅዳሜና እሑድ እየሄድን ሠራን። እሱ ከሰል ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ በግራው ዋና ዋናውን መስመር ያወርዳል፤ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እጅና ፊቱን እሞላለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ከሦስተኛው መወጣጫ በላይ ግን አያስወጣኝም፤ መሰላሉን ራሱ በትከሻው ደግፎ ይቆማል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ እናቶችን ነው የሣልነው፦ ያዘለች፣ ሆዷ ገፍቶ ባሏ የደገፋት፣ መንገድ ላይ አረፍ ያለች። ቀለሙ ሳይደርቅ ምርመራ የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳው ፊት ቆማ ስታይ ቆየችና ለጓደኛዋ በቤንችኛ አንድ ነገር ነገረቻት። ሁለቱም ሳቁ። አጠገባችን የነበረችውን ነርስ ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቅኳት።

«ይህችኛዋ ሁለት ቀን አይሞላትም፣ ዛሬ ነገ ትወልዳለች አለች» አለችኝ።

ሠዓሊውም ሰማ። የቀለም ብሩሾቹን ያጠበው ዜማ እያንጎራጎረ ነው።

አሁንም በየጠዋቱ መናኸሪያ አለን። ሁለት ተማሪዎቼና አንድ የባንክ ጥበቃ ተጨምረው አግዳሚው ጠቦናል። መቁጠሩን ተራ በተራ እናደርገዋለን። ባለፈው ሳምንት ዘነበና ማንም አይመጣም ብዬ ስደርስ እሱ ከሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጧል። ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በግራው ይሥለዋል፤ ያልታዘዙትን ጣቶች አንድ በአንድ፣ የቆዳውን እጥፋት ሳይቀር።

«ጥሩ ሞዴል ነው» አለኝ። «አይንቀሳቀስም፤ መኪና ያመልጠኛል ብሎም አይሮጥም። ነይ አንቺም ሣዪው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩና ወረቀቴን አወጣሁ። የማሻው መኪና ጭኖ እስኪወጣ ድረስ ሁለታችንም ያንን እጅ ሣልን።