በሙጫ የተሳለው ቅጠል

በጣሊያን ጊዜ እናቴ ቂርቆስ በነበረው ቤታችን ሸሚዝ እያስጌጠች ትሸጥ ነበር። የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ታደርገዋለች። በቀጭን እንጨት እየጠቀሰች ነጩ ሸሚዝ ላይ ቅጠልና ሐረግ ትስልበታለች። ሙጫው ሲደርቅ ሸሚዙን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። በመጨረሻ ሙጫው ታጥቦ ሲለቅ፣ ቀለሙ ያልነካው ቅጠል ነጭ ሆኖ ይወጣል። የቀለሙ ውሃ ግን ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሙቀት ሙጫውን ያሟሟዋል። አንድ ቀን ለብ ያለ ውሃ ባቀርብላት እጄን መታችኝ።

አባቴ ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው ሰፈር የጣሊያኖች ቤት ሲሠራ ድንጋይ ይጠርብ ነበር። አንድ ጠዋት ወታደሮች ከሥራው ቦታ ከሌሎች ጋር በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ካደግሁ በኋላም ብዙ ሰው ጠይቄ ያገኘሁት ይህንኑ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የአባቴ ታላቅ ወንድም መጣ። መሞቱን ሰው እንደነገረው፣ ፍትሐት መደረግ እንዳለበት፣ እናቴም ከል መልበስ እንደሚገባት ተናገረ። እናቴ ከሥራዋ ቀና አላለችም።

«ሞቷል ያለው ሰው ሬሳውን አይቷል፣ ወንድም ጋሼ?»

«አላየም።»

«ታዲያ ምን ይዘው መጡ?»

«ወንድሜ እኮ ነው። ሳላለቅስለት ስንት ወር ልቆይ?»

እናቴ ተነስታ የአባቴን የክት ሸሚዝ ከሣጥን አወጣች። እሱን ጥቁር አቅልማ በቀሚሷ ላይ ልትለብሰው ተስማማች። በግራ ደረቱ በኩል ግን አንዲት ቅጠል በሙጫ ሳለችበት።

«ይቺ ነጭ ሆና ትቅር» አለች። «ቢመጣ፣ ጨርሼ እንዳልቀበርኩት ይይልኝ።»

የከል ጥቁር ቀለም ካልፈላ ጨርቅ አይዝም። በማግስቱ ድስቱ ሲንተከተክ አጠገቧ ነበርኩ። ሸሚዙን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ውሃው ይፈላል» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለችና ጨመረችው።

ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ጠቁሮ ወጣ። አጎቴ ሲመጣ ቅጠሏን በዓይኑ ፈለጋት፤ ሲያጣት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴም አጠገቡ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ሐዘን አደናግሯት የሙጫውን ነገር ረሳችው አሉ። አላረመቻቸውም፤ እኔም ለብዙ ዓመት እንደነሱ አወራሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም፣ በር ሲንኳኳ እጇ ቀድሞ ወደ ግራ ደረቷ ይሄድ ነበር። የሚሸፍነው ነገር እንዳለ ሁሉ።

ሸሚዙ አሁን እኔ ጋ ነው። ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቅጠል የለበትም። ቦታዋን ግን ጣቴ አይስተውም።