የስለሺ ሂና

የባሌ እጅ አርፎ አያውቅም። ሲበላ እንኳ ግራ እጁ ጉልበቱን ይመታል፤ ሲተኛ ደግሞ የኔን ጀርባ ይመታል። «አንተ ሰውዬ፣ ጀርባዬ ከበሮ መሰለህ እንዴ?» ስለው «ማሌሽ፣ ይቅርታ» ብሎ ያቆማል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያው ነው። ስለሺ ይባላል፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በካርቱም ቤት ለቤት እየዞረ ሙከይፍ ይጠግናል፤ ያን ውሃ እየወረደበት ቀዝቃዛ አየር የሚነፋውን የመስኮት ሳጥን ማለቴ ነው። እኔ ወይንሸት ነኝ፤ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ኮፌር ውስጥ የሴት ፀጉር እሠራለሁ። በትዳር ሃያ ሰባት ዓመት ኖረናል፤ ካልተጨቃጨቅን ቀኑ የመሸ አይመስለንም።

ይሄ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሰልፉ ምክንያት የካርቱም ድልድዮች ዛሬ ተዘጉ፣ ነገ ተከፈቱ በሚባልበት ዓመት ነው። ልጃችንን ፅዮንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ልጁ ጥዑመልሳን ይባላል፤ ከድልድዩ ማዶ ጀሪፍ ነው የሚኖረው። ቤተሰቦቹ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ነገር የሚያጠብቁ ሰዎች ናቸው። ፅዮን ደግሞ ትወደዋለች። አፍ አውጥታ አትነግረኝም እንጂ ስልኳ ሲጮህ እንዴት እንደምትሮጥ አይቻለሁ። አንድ ነገር ተፈጥሮ ይፈርስባታል ብዬ ያን ሳምንት ስሰጋ ሰነበትኩ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው ጊታር ቤታችን የመጣው ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ስለሺ ዐማራት ሰፈር አንድ ቪላ ሙከይፍ ሊያጸዳ ሄዶ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ጊታር ያያል። ራዛን የምትባል የቤቱ ልጅ፣ ዓይኑን ከጊታሩ መንቀል እንዳቃተው ታዝባ «ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ውሰደው። ወንድሜ ጥሎት ከሄደ ቆይቷል፤ እዚህ አይጥ ነው የሚጫወትበት» አለችው። ስልኩም ላይ ቪዲዮ ጫነችለት። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይጫወታል። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ዱም፣ ዱም፣ ዱም ያደርጋል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማ ሁለት ሰው ነው ትላለህ። ብሉዝ ይሉታል።

ስለሺ ለጊታር እንግዳ አይደለም። በወጣትነቱ እዚሁ ካርቱም የሠርግ ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። ያኔ ግን በፕላስቲክ ቁራጭ ነበር የሚመታው። ይሄኛው በጣትና በጥፍር ነው፤ አውራ ጣት ሌሎቹ ምንም ቢሆኑ ሳይሰማ በራሱ መንገድ መሄድ አለበት። የሱ አውራ ጣት ደግሞ ልክ እንደ ባለቤቱ ነው፤ መርጋት አያውቅም። ጣቶቹ ሲሮጡ አብሯቸው ይሮጣል። ዜማው ሊዞር ሲል አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያች ጋ ሁልጊዜ ይደናቀፋል። አራት ወር ሙሉ ያቺን ቦታ ሲደናቀፍባት ሰማሁ። ድስት እያማሰልኩ እንኳ እዚያ ሊደርስ ሲል ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ «ኧህ!» ይላል፤ ይነሣል፤ ሳሎኑን አንዴ ይዞራል፤ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ጊታር ለምን እንደተወ ልንገራችሁ፤ አልደብቅም። እኔን ለጋብቻ ሲጠይቀኝ እዚሁ ካርቱም አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ አባቴ ጎንደር ስለነበሩ በሳቸው ፋንታ የቆሙልኝ ያገራችን ሰው ጋሽ አያሌው ናቸው። የስለሺ ሽማግሌዎች ተናግረው ሲጨርሱ ጋሽ አያሌው «ቅድመ ሁኔታ አለን» አሉ። «ልጄን ለዘፋኝ አልሰጥም። ጊታሩን ይተው።» እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይሰሙኝ ነበር። ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር አይደል፣ በየሠርጉ ሴቱ ሁሉ እሱን ሲያይ ያንገበግበኝ ስለነበር ደስም ብሎኛል። ስለሺ በማግስቱ ጊታሩን ኦምዱርማን ወስዶ ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ስንት ተጣልተን፣ ስንት ክፉ ነገር ተነጋግረን፣ ያቺን ነገር አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

ወደ ሂናው ልምጣ። ለዚህ አጨዋወት ጥፍር ያስፈልጋል። የሱ ጥፍር ግን ቀኑን ሙሉ ሙከይፍ ውሃ ውስጥ እየዋለ ይሰበራል። ጎረቤታችን ሐምዲያ፣ ሙሽሮችን ሂና የምትቀባዋ፣ «ሂና ቀቢለት እንጂ! ጥፍር ያጠነክራል» አለችኝና ከሙሽራ የተረፋትን ሰጠችኝ። ቶሎ እንዲጠቁር ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ሮብ ከሰዓት በኋላ ቀባሁት፤ በማርያም እምላለሁ፣ ጥፍሩን ብቻ ነው የነካሁት። «ሁለት ሰዓት እንዳትንቀሳቀስ» ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ስለሺን ሁለት ሰዓት እንዳትንቀሳቀስ! የኔስ ጅልነት! ስመለስ በተቀባው እጁ ጠረጴዛ ሲመታ አገኘሁት። ሂናው ተዝረክርኮ አውራ ጣቱን፣ ጠቋሚውንና የመሃሉን ጣት እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ አክስሏቸዋል።

እዚህ አገር ጣቱን በሂና የሚያጠቁር ወንድ ደግሞ ሙሽራ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ የረክሻ፣ ያው የባጃጅ፣ ነጂዎቹ አዩት። «ዐሪስ! ዐሪስ! መብሩክ!» እያሉ ጥሩምባ ነፉለት፤ ሙሽራው፣ እንኳን ደስ ያለህ መሆኑ ነው። እሱ እየሳቀ ገባ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በማግስቱ፣ ጁምዓ ነው! የኛ ሰው ሂና የተቀባ አበሻ ሲያይ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «ሱዳናዊት አገባ፣ ሰለመ» ነው የሚለው። እንዲህ ከተባለ ቤት ደግሞ የጥዑመልሳን ወገኖች ሚስት አይወስዱም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ማን ይመስላችኋል? ጋሽ አያሌው! ሰው ከካርቱም እየሄደ እየሄደ የሁሉም ሽማግሌ እሳቸው ሆነው ቀርተዋል።

ሎሚ አልኩ፣ በረኪና አልኩ፣ ጋዝ አልኩ። በመጨረሻ የድስት ሽቦ አንሥቼ ፈተግሁት።

«ቆዳዬን ልትገፊው ነው እንዴ?»

«ብችል ገፍፌው በተገላገልኩ!»

ሂና በጊዜው ካልሆነ በግድ አይለቅም። ፋሻ አመጣሁና እጁን ጠቀለልኩት። «ሞተር ቆረጠኝ በል» አልኩት።

«ዋሽ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ለልጅህ ስትል ዋሽ! ጊታሩንም አልጋ ሥር አስገባዋለሁ።»

«እሺ» አለ። ያን «እሺ» እንዴት እንዳለው እኔ ነኝ የማውቅ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት ድልድዩ ተዘጋ ተባለ፤ ከቀትር በኋላ ተከፈተ ተባለ። ሃያ ጊዜ በር ላይ ወጥቻለሁ። ስለሺ ሳሎኑን ይዞራል፣ እኔ በሩን እመላለሳለሁ፣ ፅዮን ከመስተዋት አትነሣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው መጡ። ጋሽ አያሌው በከዘራ፣ የጥዑመልሳን አጎት አቶ ተሰማ፣ ሦስተኛው ያን ቀን አንድ ቃል ያልተናገረ ዝምተኛ ሰው። «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው በወጉ ቆሙ።

«እጅህን ምን ሆንክ?» አሉት ጋሽ አያሌው።

«ሞተር ነው» አለ ስለሺ መሬት መሬት እያየ።

ጋሽ አያሌው እግዜር ይማርህ ብለው ንግግራቸውን ጀመሩ። ሲናገሩ ደግሞ አይቸኩሉም፤ ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ስደት፣ ስለ ልጅ በረከት አንድ ባንድ ሄዱበት። የስለሺ እጅ እንዲህ ላለ ንግግር የተፈጠረ አይደለም። አጠገቡ ያለውን ወንበር መደገፊያ መምታት ጀመረ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። በዓይኔ ብቆጣው አያየኝም። ፋሻው ላላ፤ እየተተረተረ ወረደና እግሩ ሥር ወደቀ። ሦስት ከሰል የመሰሉ ጣቶች ወንበሩ ላይ ቀሩ።

«ሂና ነው እኮ!» አሉ አቶ ተሰማ። «አቶ ስለሺ፣ ይሄ የሙሽራ ሂና ነው። ማንን አግብተው ነው?» መልስም አልጠበቁ። ባርኔጣቸውን ደፉ። «እንሂድ ጋሽ አያሌው። እኛ የክርስቲያን ቤት መስሎን ነው የመጣነው።»

ከመጋረጃው ሥር የፅዮን እግሮች ይታያሉ። እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ነበር የቆምኩት። ስለሺ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ዘጋው። ገባኝ። እውነቱን ቢናገር ጊታር ነው፤ ጊታር ደግሞ በኚሁ ሰው ፊት የተተወ ነገር ነው። ውሸት ሞልቶኝ ነበር። «ጥፍሩን አሞት መድኃኒት ነው» ብል ያልፍ ይሆናል፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ጊታሩን ካልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና ባሌ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሂናውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ይሄንን በጥፍር ነው የሚጫወተው፤ ጥፍሩ ይሰበርበታል። ሌላ ነገር የለም። ሌላ ሚስትም የለም፣ እኔው ራሴ በዝቼበታለሁ። ተጫወትላቸው!»

«አሁን?»

«አሁን!»

ሽማግሌ ቆሞ እሱ ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ጀመረ፣ ሌሎቹም ገቡ። ጋሽ አያሌውን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ትንፋሼን ያዝኩ። ተደናቀፈ! «ኧህ!» አለ፤ እንደ ልማዱ ተነሣና ሦስቱን ሽማግሌዎች በሙሉ አንዴ ዞሯቸው ተመልሶ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ጀመረ። እዚያችው ቦታ ተደናቀፈ። ላብ በላብ ሆኖ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር አቶ ተሰማ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በቃ፣ በቃ! ሊያታልለን የተሰናዳ ሰውማ እንዲህ አይበላሽበትም» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጋሽ አያሌው አልሳቁም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉና «ልጃችሁን ፅዮንን ለልጃችን ለጥዑመልሳን ልንለምን ነው የመጣነው» አሉ። በወጉ ቀጠሮ ሰጥቶ ማመላለስ ነበረበት፤ ስለሺ ግን የት ትዕግሥት አለው? «ሰጥተናል!» አለ።

«ከናንተ በኩል ቅድመ ሁኔታ ካለ እንስማ» አሉ ጋሽ አያሌው። ይሄን ሲሉ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። እሳቸውም እንዳልረሱት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«የለንም» አለ ስለሺ።

እልልታዬን አቀለጥኩት። ፅዮን መጋረጃውን ገንጥላ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ቀምሰው፣ መርቀው ሲወጡ ጋሽ አያሌው በሩ ላይ የስለሺን ቀኝ እጅ ይዘው ጥቁሮቹን ጣቶች ረጅም ጊዜ አዩ።

«ያኔም እንዲህ ነበር የምትጫወተው?» አሉት።

«ኧረ አይደለም ጋሼ» አለ ስለሺ፣ ቂም የሚባል ነገር በድምፁ ሳይኖር። «ያኔ ጎበዝ ነበርኩ።»

ጋሽ አያሌው እጁን ቀስ ብለው ለቀቁና ወደ ረክሻው ሄዱ። እኔ ሳህን የማነሣ መስዬ ጓዳ ገባሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት። ከሳሎን ዱም፣ ዱም ይላል። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ተደናቀፈ፤ «ኧህ!» አለ፤ ሲነሣም ሰማሁት።

«ቁጭ በል!» ብዬ ከጓዳ ጮህኩበት። «እንደገና ጀምረው!»