«እንብላ» ያላለው ሰውዬ

ጋፋት፣ ብረት ማቅለጫው አጠገብ የሚኖር አንድ ፈረንጅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ጠራን። በሩን ዘግቶ፣ መስታወት ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን በመብራት ነጭ ሸማ ላይ አሳየን። «በሰው አገር የሚኖር ሰው ነው» አለን። ሰውየው በመስኮት ያያል። ቀጥሎ ይቀመጣል። ቀጥሎ ብቻውን ይበላል። በቃ! አንዱ ሥዕል እስኪቀየር ጤፍ ተዘርቶ ይታጨዳል።

አንድ ደብተራ «ባሕታዊ ነው፣ ሱባኤ ይዟል» ብለው ፈቱት። ገበሬው ጎረቤቴ «ምን ባሕታዊ! ሥራ ፈት ነው እንጂ» አለ። አንዲት ባልቴት ግን ተነሥተው ሸማውን ተቆጡት፦ «አንተ! ይህን ሁሉ ሰው እያየህ እንብላ አትልም?» በዚህስ ሁሉም ተስማማ፤ ሰውየው ብቻውን የቀረው በስስቱ ነው ተባለ።

ወጥተን ዛፍ ሥር አገልግላችንን ፈታን። ላላፊ አግዳሚው፣ ለማናውቀው በቅሎ ነጂ ሳይቀር «እንብላ!» አልን። ፈረንጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየናል።

«እሱንስ?» ብል ደብተራው ተቆጡ። «ጾም የማያውቅ እጅ ካገልግላችን ሊገባ?»

ፈረንጁ ጥቂት ቆይቶ ገባና በሩን ዘጋ። ባልቴቷም ጉርሻቸውን ሳይውጡ፣ «ይኸው፣ ይሄም ብቻውን ሊበላ ገባ!» አሉ።