በሩን የያዝኩበት ጠዋት

ልጄ ያን ዕለት የምትገዛው ሳይኖራት ገበያ ወጣች። «አባዬ፣ እኔ ቆሜ ማየት አልችልም፤ አንተ ያዝልኝ» አለችኝ። እንድይዝላት የሰጠችኝ የቤታችንን በር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ክረምት ሲገባ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ያለው በርሜል ውስጥ ውሃ ሲንጠባጠብ መስማት ትወዳለች። በሩን ከፍቶ መተው እንዳይባል አጥራችን ገና አላለቀም፤ ባጃጁ በደጃችን ነው የሚያልፈው። በሩ ሲዘጋባት የገዛ እጇን ትነክሳለች። እኛም ደም እንዳናይ ብለን ቶሎ እንከፍትላታለን። እንዲህ እንዲህ እያለ የግራ እጇ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ እንደ እርሻ በሬ ጫንቃ ደደረ።

ከዩኒቨርሲቲው የምትመጣው ተማሪ ደምበጫ ያደገች ልጅ ናት። የምትማረው ሰው ለምን እንዲህ እንዲያ እንደሚያደርግ፣ ጠባዩም እንዴት እንደሚቀና የሚያጠና ትምህርት ነው። ክፍል ውስጥ የተማረችውን ደግሞ በሰው ቤት፣ መምህሯ እያየ መለማመድ አለባት። የመጣች ሰሞን በሩ ዘንድ አስቀመጠችኝ። ልጅቱ ወደ በሩ ስትመጣ፣ እጇን ወደ አፏ ሳትወስድ ገና፣ ተማሪዋ ቀስ ብላ እጇን ይዛ መዳፌ ላይ ታሳርፈዋለች፤ እኔ ወዲያው እከፍታለሁ። «አባባ፣ ክፈቱልኝ ማለትን እያስተማርናት ነው» ትለኛለች። ስንት ጊዜ እንደከፈትኩ እንጃ፤ ጉልበቴ ያውቀዋል።

ያን ዕለት መምህሯ መጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጠውና ተቀመጠ። ዛሬ ተማሪዋ እጇን አትይዝላትም፤ ልጅቱ ራሷ ታደርገው እንደሆነ ነው የሚታየው። እየነከሰች አይከፈትላትም፤ የምትታገዘው ስትረጋጋ ነው። እጇ እንዳይቆስል ወፍራም የሱፍ ሹራብ ደርበንላታል። መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ይብቃ ካሉ ወዲያው እናቆማለን። ማንም አይቀየምዎትም» አለኝ። ምነው ባላለኝ! ቃሉን ምላሴ ላይ አስቀምጦ ወደ ጥጉ ተመለሰ።

ልጅቱ መጣች። መዳፌን ዘረጋሁ። በሩን ገፋች፤ እኔን ገፋች። ዞራ ተማሪዋን አየቻት። ተማሪዋ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። እጇን ከነሹራቡ ነከሰችው።

በእኛ አገር የሕፃን ጩኸት ለቤቱ ባለቤት ብቻ አይተውም። የሰማ ሁሉ ይመጣል፤ ገላጋይ ሲመጣ ደግሞ በር ይከፈታል። ገላጋይ ከደጁ የሚመልስ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ጎረቤቴ መጣች። ሙስሊም ናት፤ ልጆቻችን አንድ ላይ ነው ያደጉት። በሩን በመዳፏ ትደበድበው ጀመር።

«አንተ! ምን እያደረጋችኋት ነው? ክፈት!»

«ደህና ናት እህቴ፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

«ደህና የሆነች ልጅ እንዲህ ትጮሃለች? እርጅና ጆሮህን ደፈነው?»

«እየተማረች ነው።»

«በር ዘግቶ ምን ዓይነት ትምህርት ነው! አንተን የኔታ ሲገርፉህ እንኳ በር ከፍተው ነው!»

ተማሪዋ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። መምህሩ አልተንቀሳቀሰም፤ የልጅቱን እጅ ብቻ ያያል።

ጎረቤቴ ድብደባዋን ተወችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በማርያም ይዤሃለሁ፣ ክፈትላት» አለች።

በራሷ እምነት ሳይሆን በእኔው ያዘችኝ። በማርያም ተለምኜ እምቢ ብዬ አላውቅም፤ በሬዬን የነዳብኝን ሰው እንኳ በስሟ ነው ይቅር ያልኩት። እጄ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። ተማሪዋ «አባባ» ብቻ አለች። አይክፈቱም አላለችም፣ ይክፈቱም አላለችም። አሁን ብከፍት ልጅቱ በሩን ንክሻዋ እንደከፈተው ታውቃለች፤ ነገም ትነክሳለች፣ እኔ ከሞትኩም በኋላ ትነክሳለች።

«እህቴ» አልኩ ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ፣ «ለማርያም እኔው እመልስላታለሁ። አልከፍትም።»

ከውጭ ዝም ተባለ። 

ድብደባው ስለቆመ ይሁን በምን እንጃ፣ ልጅቱም ዝም አለች። እጇን ከአፏ አወጣችና በሩን አየች። ተማሪዋ ልትረዳት አንድ እግሯን ስታነሳ መምህሩ ጣቱን ቀሰረ፤ ቆዪ ማለቱ ነው። ሁላችንም ደረቅን። ልጅቱ እርጥቡን ሹራብ ቀሚሷ ላይ ጠረገችውና እጇን መዳፌ ላይ ጣል አደረገችው።

መቀርቀሪያው አልታዘዝ አለኝ። ተማሪዋ ከኋላዬ «ቶሎ አባባ፣ ቶሎ!» ትላለች። እንደከፈትኩ ልጅቱ በጎረቤቴ ጎን ሾልካ ወጣች፤ ተማሪዋ ተከተለቻት።

ጎረቤቴ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «አየህ፣ በማርያም ስልህ ከፈትክ!»

ላስረዳት ስል መምህሩ ቀደመኝ። «እማማ፣ ልጅቱም እንደርስዎ አስባ ይሆናል። በሩ የተከፈተው ለእርስዎ ጩኸት ይሁን ለእጇ፣ አልለየንም። እንደገና መዝጋት አለብን።»

«እንደገና?» አልን ሁለታችን በአንድ አፍ።

«እንግዲያው እኔም ከውስጥ እሆናለሁ፤ አላምናችሁም» ብላ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እንዳትናገር ስትባል የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

ልጅቱን ከበርሜሉ አምጥተን ዘጋን። ብዙ አልቆየችም፤ በሩን ገፋች። እጇ ወደ አፏ ተነሳ፤ አገጯ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ይብቃ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። እጇ ወረደና መዳፌን መታው። ነካው አልልም፤ የዘገየ ሠራተኛ እንደሚቆጡት አድርጋ መታችው።

ከፍቼላት ተከተልኳት። በርሜሉ ዘንድ ሹራቡን ገልጬ እጇን አየሁ፤ የቅድሙ የጥርስ ምልክት አለ፣ አልደማም። ጎረቤቴም መጥታ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ነገም ይመጣሉ?» አለችኝ።

«ይመጣሉ።»

የልጅቱን እጅጌ መልሳ አወረደችላት። «ጩኸት ሲሰሙ እንዳይመጡ ለሰፈሩ እኔ እነግርልሃለሁ» አለች። ትንሽ ራመድ ብላ ደግሞ ዞረች። «እኔ ግን እመጣለሁ።»